ስለ ልብስ ብል ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሹራባችሁን አውጥታችሁ ደረቱ ላይ ያልነበረ ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ መልሱ ከታች ካሉት በአንዱ ውስጥ ይኖራል።

ልብሴን የሚበላው ያ የሚበረው ነገር ነው?

አይደለም። የሚበረው አድጎ የጨረሰው ብል ነው። እሱ ምንም አይበላም፤ የሚሠራ አፍ እንኳ የለውም። በእጭነቱ፣ ማለትም ገና ትል ሳለ፣ ያጠራቀመውን ስንቅ እየጨረሰ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይኖራል፣ ይራባል፣ ይሞታል።

ልብሱን የሚጨርሰው እጩ ነው። ሰውነቱ ነጣ ያለ፣ ራሱ ቡናማ የሆነ ትል ነው። ሲፈለፈል በዓይን ለማየት ያስቸግራል፤ ሲያድግ አንድ ሳንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ የሚበረውን እያጨበጨቡ ማሳደድ ንዴት ያበርዳል እንጂ ሹራብ አያድንም። ዋናው ሥራ እጩ ተደብቆ የሚበላበትን ቦታ ማግኘት ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህች ነጥብ ዙሪያ ነው።

ብል መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የሚበረውን እዩ። ክንፉን አጥፎ ሲቀመጥ ከ6 እስከ 8 ሚሊሜትር ነው፤ ከሩዝ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። ቀለሙ ወርቃማ ቢጫ ሆኖ ያብለጨልጫል። አናቱ ላይ ወደ ቀይ የሚያደላ የተንጨባረረ ጸጉር አለው። ከመልኩ ይልቅ ጠባዩ ያጋልጠዋል። ሌሎቹ የሌሊት ቢራቢሮዎች አምፖል ሲበራ ይሰበሰባሉ፤ ይሄኛው ይሸሻል። መሳቢያ ስትከፍቱ ከመብረር ይልቅ እየሮጠ የልብስ እጥፋት ውስጥ ይገባል። እንቁላል የያዘችው ሴቷ ስለምትከብድ እምብዛም አትበርም። ክፍል ውስጥ ሲንሳፈፍ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ነው።

ከዚያ ልብሱን ፈትሹ። ከላይ ከላይ አይደለም። ኮሌታውን ገልብጡ፣ ብብቱን እዩ፣ የኪሱን ውስጥ አውጡ፣ ስፌቱን በጣታችሁ ዳብሱ። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ ቅርጽ የሌላቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ስስ ነጭ ድር፣ እና አሸዋ የመሰለ ኩስ። ኩሱ የበላውን ልብስ ቀለም ይይዛል። ቀይ ሹራብ የበላ እጭ ቀይ ኩስ ይጥላል፤ ሱፉን እንጂ ቀለሙን አይፈጭማ። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ሰማያዊ ብናኝ ካያችሁ፣ ቀጥታ ሰማያዊውን ካፖርት አንሱ።

አንዳንዴ ቀዳዳ ገና አይኖርም። ጨርቁ በአንድ በኩል ተላጭቶ የሳሳ ይመስላል። ያም የእሱ ሥራ ነው። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ ብታዩት ቶሎ ይታወቃል።

ሁሉም ብል አንድ ዓይነት ነው?

ቤት ውስጥ በዋናነት የሚያስቸግሩት ሁለት ናቸው። አንደኛው ባለ ድሩ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙ ቲኒዮላ ቢሴሊኤላ። የሚበላበት ቦታ ላይ ድር ዘርግቶ እዚያው ተሸፍኖ ይቀመጣል። ሁለተኛው ባለ ከረጢቱ ነው፤ ቲኒያ ፔሊዮኔላ። ይሄኛው ከድርና ከልብሱ ክር የሠራትን ትንሽ ከረጢት ለብሶ፣ እየጎተታት ይዞራል። ከረጢቷ በሁለቱም ጫፍ ክፍት ናት፤ እጩ ባሰኘው በኩል ራሱን ያወጣል። ሲያድግ ደግሞ ክንፉ ላይ ደብዘዝ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች ይኖሩታል።

ባለ ከረጢቱን ካገኛችሁ፣ ከመግደላችሁ በፊት አንዴ በማጉያ መነጽር እዩት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ተመራማሪ ሬኦሚር እነዚህን እጮች ከአንድ ቀለም ሱፍ ወደ ሌላ ቀለም እያዘዋወረ ከረጢታቸውን ባለ መስመር አድርጎታል። እጩ ሲያድግ ከረጢቱን የሚያስረዝመው በቅርብ ባገኘው ክር ነውና፣ የት የት እንደዋለ ከረጢቱ ላይ ይነበባል። መፍትሔው ግን ለሁለቱም አንድ ነው።

ኩሽና ውስጥ የሚዞረውስ ብል ነው?

እሱ የእህልና የዱቄት ቢራቢሮ ሊሆን ይችላል። ክንፉ በሁለት ቀለም የተከፈለ ነው፤ ወደ ራሱ ያለው ፈዛዛ ግራጫ፣ ወደ ጫፉ ያለው መዳብማ ቡናማ። ልጆቹን የምታገኙት ዱቄት፣ ለውዝ፣ ደረቅ ፍራፍሬ ወይም የእንስሳት መኖ ውስጥ ነው። ልብስ አይነካም። ቁም ሳጥን እየገለበጣችሁ አትድከሙ።

የትኛውን ልብስ ነው የሚበላው? ጥጥስ ይበላል?

ምግቡ ኬራቲን ነው፤ ጸጉር፣ ላባ፣ ጥፍርና ቀንድ የተሠሩበት ፕሮቲን። ስለዚህ ሱፍ (የበግ ጸጉር)፣ ካሽሚርና ሞሄር (የፍየል ጸጉር)፣ ፌልት (ተጠቅጥቆ የተሠራ ሱፍ) ባርኔጣ፣ ጸጉራም ቆዳና ላባ ሁሉ ገበታው ናቸው። ሐር ኬራቲን ባይሆንም ይበላዋል፤ ምርጫው ግን ሱፍ ነው። ኬራቲንን መፍጨት ለአብዛኛው እንስሳ የማይቻል ነገር ነው። የብል እጭ አንጀት ግን ኬራቲንን አጥብቀው የያዙትን የድኝ ማሰሪያዎች መበጠስ ይችላል። ሌላው እምብዛም የማይፈልገውን ምግብ አግኝቶ ነው የሚኖረው።

ንጹህ ጥጥ፣ ሊነን፣ ፖሊስተርና ናይለን አይመግቡትም። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። አንደኛ፣ ከሱፍ ጋር የተቀላቀለ ጨርቅ ይበላል፤ ሱፉን ሲፈልግ ሌላውንም ክር አብሮ ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ ቆሻሻ። ንጹህ ሱፍ ብቻውን ለእጩ በቂ ምግብ አይደለም። ላብ፣ የሰውነት ቅባት፣ ሽንት ወይም የፈሰሰ ምግብ ሲጨመርበት ቫይታሚንና ጨው ያገኛል። ብብትና ኮሌታ ቀድመው የሚበሉት ለዚህ ነው። አንዴ ብቻ የተለበሰ፣ «ንጹህ ነው» ተብሎ የተሰቀለ ካፖርት ለእሱ ጥሩ አድርጎ የተቀመመ ምግብ ነው።

የጥጥ ካናቴራዬ እምብርቴ አካባቢ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉት። ብል ነው?

አይደለም ማለት ይቻላል። እዚያ ቦታ ላይ ካናቴራ የሚበሳው የሱሪ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት፣ ወይም ስትሠሩ የምትደገፉት የጠረጴዛ ጠርዝ ነው። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ክፍት የቀረ ዚፕም ይበሳል። ስስ ጥጥ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ የሚወጣ ቀዳዳ የብል አይደለም። ቀበቶውን ጠርጥሩ።

ቀዳዳ አለ፣ ድር ግን የለም። ጸጉራም ትልም አይቻለሁ። ምንድን ነው?

የምንጣፍ ጢንዚዛ ይሆናል። እጩ ቡናማና ጸጉራም ነው፤ ድር አይሠራም። ከድር ይልቅ የሚተወው ሲያድግ የገፈፈውን ባዶ ቆዳ ነው፤ መሳቢያ ጥግ ላይ ተከማችቶ ታገኙታላችሁ። አድጎ የጨረሰው ጢንዚዛ ደግሞ ክብ ያለ፣ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነ፣ አበባ ላይ የሚውል ነው። መስኮት ደፍ ላይ ሞቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ እሱ ነው፤ ወደ ብርሃን ለመውጣት ሲሞክር።

መለየቱ የሚጠቅመው ለወጥመድ ነው። የብል ወጥመድ ጢንዚዛውን አይስብም። ማጽዳቱ፣ ፍሪዘሩና ሙቀቱ ግን ለሁለቱም ይሠራል። የጢንዚዛው እጭ ጸጉር ቆዳ ስለሚያሳክክ፣ የተጠራቀመውን ስትጠርጉ ጓንት አድርጉ።

ቤቴ ንጹህ ነው። ከየት መጣ?

አብዛኛውን ጊዜ ራሳችን ይዘነው እንገባለን። ሰልባጅ ካፖርት፣ አሮጌ ምንጣፍ፣ ከዘመድ የተወረሰ ሻንጣ፣ ያገለገለ ሶፋ። እንቁላሉ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ክር መሃል ተጣብቆ ማንም አያየውም።

ሌላው መንገድ ከቤቱ ራሱ ነው። ጣሪያ ስር የወፍ ጎጆ ካለ፣ ላባና ጸጉር አለ ማለት ነው፤ ለብል ይበቃዋል። ኮርኒስ ውስጥ የሞተ አይጥም እንዲሁ። ከሰው ልብስ በፊትም ኑሮው በጎጆና በበድን ላይ ነበር። ስለዚህ ብል ገባ ማለት ቤታችሁ ቆሻሻ ነው ማለት አይደለም። እንግዳ መጥቶ አየብኝ ብላችሁ አትፈሩ።

አንድ ብቻ አየሁ። ልደንግጥ?

መደንገጥ አያስፈልግም፤ ዝም ማለትም አያዋጣም። አንዲት ሴት ከ40 እስከ 50 እንቁላል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ትጥላለች። ያያችሁት ወንድ ከሆነ ደግሞ አንድ ቦታ ላይ አድጎ ነው የወጣው። በዚያው ቀን ሱፍ ያለበትን ሁሉ አንድ በአንድ እዩ። ምንም ካላገኛችሁ ወጥመድ አስቀምጡና ጠብቁ።

አገኘሁት። አሁን ከምን ልጀምር?

ከፌስታል። የተበላውንና አጠገቡ የነበረውን ሱፍ፣ ሐርና ላባ ሁሉ እዚያው ቁም ሳጥኑ ፊት ለፊት ፌስታል ውስጥ ክተቱና አፉን እሰሩ። ብዙ ሰው ልብሱን አቅፎ ወደ ሌላ ክፍል ይወስድና አልጋ ላይ ይዘረግፈዋል። በመንገዱ ሁሉ እጭ እያራገፈ ማለት ነው። መጀመሪያ ማሸግ፣ ከዚያ መለየት። የሚታጠበው፣ ፍሪዘር የሚገባው፣ ድራይ ክሊን የሚሄደውና የሚጣለው ለየብቻ ይሁን።

ቀጥሎ ባዶው ቁም ሳጥን። መሳቢያዎቹን ሙሉ በሙሉ አውጡ፤ በሐዲዱ ላይ ያለውን ክፍተት፣ የጀርባውን ጣውላ መጋጠሚያ፣ ማጠፊያዎቹን ሁሉ ቫኪዩም አድርጉ። ለቫኪዩሙ ቀጭኑን አፍ ተጠቀሙ። ወደ ወለሉ ስትመጡ መሃሉን ተዉት፣ ዳር ዳሩን ያዙ። ዞኮሎ ስር፣ የፓርኬ ስንጥቅ፣ አልጋ ስር፣ ከዓመት ዓመት የማይነሳው ቁም ሳጥን ኋላ። የሰውና የድመት ጸጉር ተሰብስቦ የሚቀረው እዚያ ነው፤ እጩም ልብስ ሳያስፈልገው እዚያ ማደግ ይችላል። ስትጨርሱ የቫኪዩሙን ከረጢት አውጥታችሁ፣ አስራችሁ፣ ከቤት አውጡት። ውስጡ የገባው ሁሉ አይሞትም።

ምንጣፍ ካላችሁ ደግሞ ገልብጡት። ብል ሰው የሚረግጠውን አይወድም፤ ሶፋ የተጫነበትን፣ ጨለማና ጸጥታ ያለበትን ነው የሚመርጠው። ከላይ ሙሉ የሚመስል ምንጣፍ ሶፋው ሲነሳ በአራት ማዕዘን ተላጭቶ ይገኛል።

እውነቱን ለመናገር ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፣ አንድ ሙሉ ቀንም ይወስዳል። ከሚሸጠው መድኃኒት ሁሉ የሚበልጠው ግን እሱ ነው።

ማጠብ ይበቃል? ሱፍ በሙቅ ውሃ ይበላሻልኮ።

ከ55 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ሙቀት እንቁላሉንም እጩንም ይገድላል። ሙቀት የሚችል ጨርቅ ከሆነ በ60 ዲግሪ እጠቡትና ጨርሱ። ሱፍ ግን በዚህ ሙቀት ተኮማትሮ የልጅ ልብስ ይሆናል።

ለብ ባለ ውሃ ማጠብ ላቡንና ቅባቱን ያነሳል፤ ብዙ እጭም ያራግፋል። እንቁላሉን ሁሉ ይገድላል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ስለዚህ ሱፍ ከሆነ ወይ ድራይ ክሊን አድርጉት፣ እሱ በሁሉም ዕድሜ ያለውን ብል ይጨርሰዋል፤ ወይ ደግሞ በእጅ አጥባችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት። ድራይ ክሊን ብል ይገድላል ማለት ግን ልብሱ ሁለተኛ አይበላም ማለት አይደለም። ወደ ተበከለ ቁም ሳጥን ከመለሳችሁት ገንዘባችሁ ባከነ።

ፍሪዘር እውነት ይሠራል?

ይሠራል። ሙዚየሞችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው፤ የእነሱ ማቀዝቀዣ ከቤት ፍሪዘር የበረታ መሆኑ ነው ልዩነቱ። የቤት ፍሪዘር ብዙውን ጊዜ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሠራል። በዚህ ቅዝቃዜ ሁለት ሳምንት አቆዩት። ከዚያ ያነሰ ጊዜም ሊገድል ይችላል፤ ግን ወፍራም ካፖርት መሃሉ እስኪቀዘቅዝ ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። የፍሪጅ ተራው ክፍል አይበቃም፤ ብሉን ያደነዝዘዋል እንጂ አይገድለውም።

አደራረጉ ላይ ትንሽ ጥንቃቄ አለ። ልብሱ ደረቅ ይሁን። ፌስታል ውስጥ ከትታችሁ አየሩን ጨምቃችሁ አውጡና አጥብቃችሁ እሰሩ። አሥር ሹራብ አንድ ላይ አትጠቅጥቁ፤ ቅዝቃዜው ቶሎ ሊገባበት ይገባል። ሲወጣ ደግሞ ፌስታሉን ወዲያው አትክፈቱ። ልብሱ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ይቆይ። አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጤዛ ይሆናል።

ፀሐይ ላይ ማስጣትስ?

ይረዳል። እጭ ብርሃን ስለማይወድ ከልብሱ ወርዶ ለማምለጥ ይሞክራል፤ ሞቃት ቀን ከሆነም ይሞታል። ከማስጣት ጋር መቦረሽ ይጨመርበት። ኮሌታውን፣ ስፌቱንና የኪሱን ክዳን ጠንከር ባለ ብሩሽ፣ ደጅ ሆናችሁ። እንቁላሉ በቀላሉ ይራገፋል። ግን ፀሐይ ብቻውን አስተማማኝ አይደለም፤ እጥፋት ውስጥ የተሸሸገው ሳይነካ ይመለሳል። ጥቁርና ደማቅ ልብስ ደግሞ ለረጅም ሰዓት ከተሰጣ ቀለሙ ይለቃል።

ናፍታሊን ላስቀምጥ?

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ አታስቀምጡ። ምክንያቱን ግን ልዘርዝር፤ ነጩ ኳስ በየቤቱ ያለ ነገር ነውና።

ናፍታሊን ሳይቀልጥ ቀጥታ ወደ ጋዝ የሚለወጥ ነገር ነው። ብሉን የሚገድለው ያ ጋዝ ነው፤ ለዚያም ጋዙ መጠራቀም አለበት። አየር የማያስወጣ ሳጥን ውስጥ ይሠራል። የሚከፈት የሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ሁለት ሦስት ኳስ መጣል ግን ብሉን አይገድልም፤ ክፍሉን ያሸተዋል፣ እናንተም ትተነፍሱታላችሁ። ከሸተታችሁ እየገባችሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ናፍታሊንን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከሚባሉት መደብ አስገብቶታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2008 የናፍታሊን ኳስን ከገበያ አስወጥቷል።

ትልቁ አደጋ ለልጆች ነው። ኳሷ ከረሜላ ትመስላለች። ናፍታሊን ቀይ የደም ሴሎችን ይሰባብራል፤ ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ይብሳል። ናፍታሊን ውስጥ የቆየ ልብስና ብርድ ልብስ አራስ ልጅ ላይ ማልበስ ብቻውን ጉዳት ያደርሳል። ልጅ ከዋጠ በራሳችሁ አታስመልሱት፣ ወተትም አትስጡት፤ ስብ ያለበት ነገር ናፍታሊኑ ወደ ደም እንዲገባ ይረዳዋል። ማሸጊያውን ይዛችሁ በፍጥነት ወደ ሐኪም ሂዱ። እቤት ያለውን ናፍታሊን ማስወገድ ከፈለጋችሁም ልጅ በማይደርስበት አሽጋችሁ አስወግዱ፤ ልብሱን ደጅ አናፍሱና ከመልበሳችሁ በፊት እጠቡት።

የጥድ እንጨት፣ ላቬንደር፣ ቅርንፉድ?

ጥሩ ይሸታሉ። የጥድ ዘይት ትንንሽ እጮችን ሊጎዳ ይችላል፤ እንጨቱ ትኩስ ሲሆንና ሳጥኑ ጥብቅ ሲሆን። ትልልቆቹን እጮች ግን እምብዛም አይነካም፤ ዘይቱም በጊዜ ይተናል። እንጨቱን በማለስለሻ ወረቀት ብታሹት ሽታው ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል። የጥድ ሳጥን የሚጠቅመው ከሽታው ይልቅ በደንብ ስለሚገጥም ነው። ላቬንደርና ቅርንፉድ ውስጡ ያለውን ብል አያስወጡም። ከወደዳችኋቸው አስቀምጡ፤ ግን ተማምናችሁ አትተኙ።

የሚያጣብቀው ወጥመድ ብሉን ይጨርሳል?

አይጨርስም። ወጥመዱ ውስጥ ያለው የሴቷ ሽታ ነው፤ የሚመጣው ወንዱ ብቻ ነው። ሴቷ እንቁላሏን መጣሏን ትቀጥላለች። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ይነግራችኋል። በየክፍሉ አንድ አንድ አስቀምጡና በየሳምንቱ ቁጠሩ። መኝታ ክፍሉ አንድ፣ መተላለፊያው አሥራ አምስት ካለ፣ ችግሩ መተላለፊያው ላይ ነው።

ክፍት መስኮት አጠገብ አታስቀምጡት። ሽታው ስለሚያልቅም ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ጊዜ ቀይሩት፤ ብዙዎቹ ሦስት ወር ገደማ ያገለግላሉ። አብዛኛው ወጥመድ የተሠራው ለባለ ድሩ ብል ነው፤ ባዶ ወጥመድ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም።

ፍሊት ብነፋስ?

ሲበር ያገኛችሁትን ይጥለዋል። እጥፋት ውስጥ ያለውን አይደርስበትም። ስንጥቅና ዞኮሎ ላይ የሚነፋ፣ ለብል ተብሎ የተዘጋጀ መድኃኒት ግን ከጽዳቱ በኋላ ሊያግዝ ይችላል። ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል ንጥረ ነገር አላቸው። ድመትና የዓሣ ገንዳ ካላችሁ ተጠንቀቁ፤ ፐርሜትሪን ለሁለቱም መርዝ ነው። ልብስ ላይ በቀጥታ አትንፉ፣ ማሸጊያው እንደሚቻል ካልተናገረ በስተቀር።

ሰው ይነክሳል? በሽታ ያስተላልፋል?

አይነክስም፣ አያስተላልፍም። የሚጎዳው ልብስና ኪስ ነው።

የተበላውን ልብስ ልጣለው?

እጩን ከገደላችሁ በኋላ የቀረው ቀዳዳ ብቻ ነው፤ ቀዳዳ ደግሞ ይጠገናል። ሹራብ ከሆነ ከጎን ስፌቱ ትርፍ ክር መዝዞ በዚያው ክር መስፋት ይቻላል፤ ቀለሙ አይለይም። ካፖርት ላይ ኮሌታው ስር ያለ ቀዳዳ ማንም አያየውም። ፌልት ባርኔጣና የሳሳ ካሽሚር ግን ብዙ ጊዜ አይመለሱም። ከጣላችሁ በታሰረ ፌስታል ይሁን። ለሰው መስጠት ካሰባችሁ ደግሞ ፍሪዘሩን ሳታሳልፉ አትስጡ።

ለረጅም ጊዜ የማልለብሰውን እንዴት ላስቀምጥ?

አጥባችሁ። ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው። ላብና ቅባት የሌለበት፣ ጨርሶ የደረቀ ሱፍ፣ ጥብቅ ክዳን ያለው ሳጥን ወይም ዚፕ ያለው ከረጢት ውስጥ ይቀመጥ። የካርቶን ሳጥን አይሆንም፤ አዲስ የተፈለፈለ እጭ በቀጭን ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። እርጥበት ያለው ልብስ አሽጋችሁ ከተዋችሁት ደግሞ ብል ሳይሆን ሻጋታ ይቀድማችኋል።

ቁም ሳጥን ውስጥ የሚቀረውን ሱፍ ከጊዜ ወደ ጊዜ አውጡት፣ አራግፉት፣ ገልብጣችሁ መልሱት። ብል የሚፈልገው አለመነካትን ነው። በየሳምንቱ የሚለበስ ሹራብ ሲበላ ብዙ አይታይም።

ሁሉን አጸዳሁ፣ አሽጌ አቀዘቀዝኩ። ከወራት በኋላ ተመለሰ። ለምን?

ሁለት ምክንያት ነው የሚኖረው። አንደኛው ጊዜ ነው። ከእንቁላል እስከ መብረር ያለው ዕድሜ በሞቀ ቤት ሁለት ወር ገደማ ሊሆን ይችላል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ፣ ምግቡ ትንሽ ከሆነ ግን እጩ ሁለት ዓመት ድረስ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዛሬ የሚበረው ያኔ ስታጸዱ ስንጥቅ ውስጥ የነበረ ሊሆን ይችላል። እጭ ድር ተከናንቦ የሚለወጥበትን ቦታ ለመፈለግ ከሚበላው ርቆ ይሄዳል። ግድግዳና ኮርኒስ ላይ የምታገኙት ለዚህ ነው። ትሉን ያያችሁበት ቦታ ሁሉ ምንጩ ነው ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ያልተፈተሸ ምንጭ ነው። ሰው ልብሱን ሁሉ ፈትሾ የሚረሳቸው ነገሮች አሉ። ፒያኖ አንዱ ነው፤ መዶሻዎቹ በሱፍ ፌልት የተሸፈኑ ናቸው፣ ለዓመታት ካልተነካ ውስጡ ብል ሊወልድ ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የእንስሳት ቆዳ ወይም ራስ፣ የላባ ትራስ፣ የተጠቀለለ ትርፍ ምንጣፍ፣ የሱፍ ክር ቅርጫት፣ በሱፍ የተሞላ አሮጌ ወንበር፣ ሻንጣ ውስጥ የተረሳ አንድ ካልሲ። ከዚያ የፍሪጁ ኋላ፣ የድመቷ ጸጉር የተጠራቀመበት። እነዚህ ሁሉ ንጹህ ከሆኑ ወደ ላይ ተመልከቱ፦ ኮርኒስ፣ የወፍ ጎጆ፣ የጭስ መውጫ። ጎጆ ካለ ወፎቹ ትተውት ከሄዱ በኋላ ይነሳ።

ተርብ ለቅቆ ብልን ማጥፋት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን በዓይነ ሕሊናችሁ የመጣው የሚናደፈው ተርብ አይደለም። ትሪኮግራማ ኢቫኔሰንስ የምትባለው ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አትሞላም፤ ሰው አትነድፍም። እንቁላሏን የምትጥለው የብሉ እንቁላል ውስጥ ነው፤ ከብሉ እንቁላል እጭ በመውጣት ፋንታ ሌላ ተርብ ይወጣል። ታሪካዊ ቤቶችን የሚጠብቀው የብሪታንያው ድርጅት ናሽናል ትረስት እ.ኤ.አ. በ2021 ብሊክሊንግ በሚባል ታሪካዊ ቤት ሞክሯታል። እዚያ ያለውን ጥንታዊ ምንጣፍ አጥበህ ፍሪዘር ክተት ማለት አይቻልማ።

ለተራ ቤት? እንቁላል ብቻ ነው የምታጠፋው። እጩን አትነካም፤ ስለዚህ ደጋግሞ መልቀቅ ያስፈልጋል። ቫኪዩሙን አትተካም።

ጠፍቷል የምለው መቼ ነው?

ወጥመዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የተፈተሸው ልብስ ላይ አዲስ ቀዳዳ ከሌለ፣ አጽድታችሁ በተዋችሁት መሳቢያ ውስጥ አዲስ ኩስ ካልወደቀ፣ ወጥመዱም ቢያንስ ለስድስት ወር ባዶ ከሆነ፣ ተገላገላችሁ ማለት ይቻላል። ቤታችሁ ቀዝቃዛ ከሆነ ዓመት ስጡት። መሳቢያው ላይ ነጭ ወረቀት ብታነጥፉ አዲሱ ኩስ ቶሎ ይታያችኋል። ወጥመዱን ግን አታንሱት፤ ሰልባጅ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ የገዛችሁትን መጀመሪያ ፍሪዘር አሳልፉት፣ ከዚያ ቁም ሳጥን።